የተሰረዘችው መስመር

አባቴ ያረፈ ዕለት ማታ፣ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ተክለው ሲጨርሱ፣ ታናሽ ወንድሜ ክንዴን ይዞ ወደ ጓዳ አስገባኝና ሁለት ባዶ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ሰጠኝ። «የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፈው፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን ላይ ይነበባል» አለኝ። የበኩር ልጅ ነኝ፤ መሥሪያ ቤትም ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ስጽፍ ነው የምውለው፤ ስለዚህ ሌላ ሰው አልታሰበም። ከውጭ ለቅሶው ይሰማኛል፤ ጎረቤቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ እኔ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ የአንድን ሰው 62 ዓመት ወረቀት ላይ ላሰፍር ነው።

ጻፍኩት። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ከዚያ ውስጥ አንዲት መስመር ተሰረዘች። ዓመቱን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ፣ ስብሰባ መሀል ሆኜ፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የማስበው ያቺን መስመር ነው። አሁን እንደገና ኅዳር መጥቷል። ሱሉልታ መስኩ ላይ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሹ በየቦታው ተከምሯል፤ ማለዳ ማለዳ ውርጩ ምድሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። አባቴ ከዓመቱ ወራት ሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህን ነበር። ክረምቱን ውኃ ሲተኛበት የከረመው መስክ ደርቆ፣ ጠንከር ብሎ፣ ለእግር የሚመቸው አሁን ነውና።

አንድ ገጽ ተኩል

የዚህ ዓይነት ጽሑፍ መልኩ የታወቀ ነው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ይጀምርና «ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ» ብሎ ያበቃል። የጸሐፊው ሥራ መሀሉን መሙላት ነው። በ1955 ዓ.ም. ሰላሌ ውስጥ ተወለዱ። በ18 ዓመታቸው አዲስ አበባ መጥተው በአንድ ክለብ ታቅፈው በ10 ሺሕ ሜትርና በአገር አቋራጭ ሮጡ። ጃንሜዳም ስታዲየምም ተወዳደሩ፤ በአንድ የ10 ሺሕ ሜትር ውድድር ሦስተኛ ወጥተው ለብሔራዊ ቡድን ልምምድ ተጠሩ። በ1985 ዓ.ም. ሩጫ አቁመው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በግምጃ ቤት ሠራተኛነት አገለገሉ።

እዚህ ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ቆመ። መልሼ አነበብኩት። የማንም ሰው ታሪክ ሊሆን ይችላል። ነገ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ይህን ሰምቶ «ሦስተኛ ወጣ፤ ከዚያስ?» ሊል ነው። አባቴ በሰው ፊት እንዲያንስብኝ አልፈለግኩም። ሦስተኛ ከምትለው ቃል ቀጥዬ እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «አገራችን በ1976 እና በ1981 ዓ.ም. በተካሄዱት የኦሎምፒክ ጨዋታዎች ባለመሳተፏ ዕድሉን ሳያገኙ ቀሩ እንጂ፣ ለአገራቸው ሜዳሊያ ባመጡ ነበር።» ጽፌ ስጨርስ ደስ አለኝ። አባቴን የካስኩት መሰለኝ።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ታነባለች፤ ቀስ ብላ፣ ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች። ከድንኳኑ ለአፍታ ተነስታ ወደ ጓዳ ስትገባ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ጣቷ ሄደ፣ ሄደ፣ ያቺ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ተመልሶ ከመስመሯ የመጀመሪያ ቃል ጀመረ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ መስመሯን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘቻት። አልበቃትም፤ ደገመቻት።

«እማዬ፣ እውነት እኮ ነው» አልኳት።

«እሱ ያላለውን አንተ አትበልለት።»

«እሱማ ሰው እንዳይከፋው ብሎ ነው ዝም ያለው...»

«ላም አለኝ በሰማይ አታድርግበት፣ ልጄ። ያለው ይበቃዋል።»

ልትወጣ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ተመለሰች። «ደራርቱ ያሸነፈች ለት ሌሊት ምን እንዳደረገ ታስታውሳለህ? አይ፣ ትንሽ ነበርክ» አለችኝ። «ሬዲዮው ሲዘጋ ተኛ ብዬ ለመንኩት። የእናንተን ጫማ አውጥቶ ሲያጥብ አደረ። የእናንተ ሲያልቅበት የጎረቤት ልጆችን ጫማ ከየበራፋቸው ሰብስቦ አመጣ። ምንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።» ይህን ብላ ወደ ድንኳኗ ሄደች።

ቅዳሜ

እኛ ቤት ጫማ ማጠብ የአባቴ ሥራ ነበር። እናቴም ብትሆን አትነካበትም። ቅዳሜ ጠዋት ደጃፉ ላይ በርጩማውን አስቀምጦ፣ ሁለት ባልዲ ውኃ ግራና ቀኝ አድርጎ፣ የስድስታችንን ጫማ በቁመት ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ የእሱ ከዳር፣ የትንሿ እህቴ ከወዲህ ጫፍ። መጀመሪያ ሁለቱን ሶል እርስ በርስ አጋጭቶ የደረቀውን የሱሉልታ ጭቃ ያራግፋል። ቀጥሎ ማሰሪያውን ይፈታል፤ ከነማሰሪያው የታጠበ ጫማ አልታጠበም ባይ ነበር። የውስጡን ንጣፍ አውጥቶ ለብቻው ያሻል። የሶሉን ስንጥቅ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ይፈለቅቀዋል። ሲጨርስ በአሮጌ ጋዜጣ ይሞላውና ግድግዳውን አስደግፎ ጥላ ሥር ያቆመዋል። ፀሐይ ላይ ያሰጣሁበት ጊዜ ሮጦ መጥቶ አነሳው። «ፀሐይ ሙጫውን ይፈታዋል፤ ጫማ በነፋስ ነው የሚደርቀው» አለኝ።

ማሰሪያውን መልሶ የሚያስገባውም ራሱ ነው። ሁለቱን ጫፍ ይዞ እኩል መሆናቸውን ዓይኑ ድረስ አቅርቦ ይለካል። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ደግሞ አንድ በአንድ ያቆመንና ተንበርክኮ ድርብ ቋጠሮ ያስርልናል። እኔ ስድስተኛ ክፍል ከደረስኩ በኋላ አፍሬ እምቢ አልኩ። እህቶቼ ግን እስከ ስምንተኛ ክፍል አሳስረውታል። አሰረላቸው ብል ይሻላል፤ እሱ ነው ደስ የሚለው።

ደራርቱ ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ ያሸነፈችበት ሌሊት ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። የቀን መቁጠሪያ ገልጬ አየሁት፤ አርብ ነበር። ቅዳሜ እስኪነጋ እንኳን አልጠበቀም። ከሞስኮ እስከ ባርሴሎና 12 ዓመት ነው። በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር ማርሽ ቀይሮ ሁለት ወርቅ ሲያመጣ አባቴ የ17 ዓመት የሰላሌ ልጅ ነበር፤ ያን ዜና ሰምቶ ነው በዓመቱ አዲስ አበባ የመጣው። ከዚያ ሎስ አንጀለስ ከሶቪየቶች ጎን ቆመን ቀረን፤ ሴኡል ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆመን ቀረን። አገራችን እንደገና ኦሎምፒክ ላይ የታየችው ባርሴሎና ነው፤ አባቴ ሊያቆም አንድ ዓመት ሲቀረው። የአንድ ሯጭ ዕድሜ በሞስኮና በባርሴሎና ወርቆች መሀል ከሞላ ጎደል ሊገባ ይችላል። የእሱ ገብቷል።

ስለ ሌሎች ሲያወራ ግን ሰዓት አይሳሳትም። የአበበን የሮም ሰዓት ጠይቁት፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። የቶኪዮውን ጠይቁት፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ «አገር በማግስቱ እንቁጣጣሽን በምን ልብ እንደዋለ አስቡት» ይለን ነበር በየዓመቱ፣ ለአዲስ ዓመት ችቦ ስናስር። በላይነህ ዲንሳሞን ሲያነሳ ደግሞ ከመቀመጫው ይነሳል። በላይነህ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክብረ ወሰኑም አሥር ዓመት ያህል ሳይደፈር ቆየ። «አሥር ዓመት!» ይላል አባቴ፣ አሥሩንም ጣቶቹን ዘርግቶ። ያ ሰው ከሮተርዳም አምስት ወር በኋላ ሴኡል ላይ እንዳልነበረ ግን አንድም ቀን አልነገረን። ራሴ አንብቤ ነው ያወቅኩት።

የአባቴን የራሱን የ10 ሺሕ ሜትር ሰዓት ደግሞ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

መስከረም 15

መስረዟ እንዲህ የከነከነኝ ለምን እንደሆነ ለመናገር አንድ ያደረግኩትን ነገር መናገር አለብኝ።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። እኔ 15 ዓመቴ ነው። ጎረቤት ቴሌቪዥን አይቼ አበድኩ። ማታ አባቴ ከሥራ ሲመለስ፣ ኮቱን እንኳን ሳያወልቅ፣ የመጨረሻውን ዙር እቤት ውስጥ እየሮጥኩ አሳየሁት። እሱም በሬዲዮ ሰምቶታል፤ ግን እንዳልሰማ ሆኖ ፈገግ ብሎ አየኝ። ስጨርስ «ቴርጋትም እኮ ጥሩ ሮጧል» አለ።

ለምን እንደተናደድኩ አሁንም አይገባኝም። በዚያች ቀን፣ በዚያች ሰዓት፣ ስለ ኬንያዊው መስማት አልፈለግኩም ይሆናል። «አንተ ደግሞ የት ኦሎምፒክ ሄደህ ታውቃለህ?» አልኩት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። እናቴ ወጡን ማማሰሏን አቆመች። አባቴ «አልሄድኩም» አለ። ይኸው ነው። ድምፁ አልጠነከረም፣ አልሰለለም። አገሬ አልሄደችም ማለት ይችል ነበር፤ ሦስት ቃል ጨምሮ ልጁን ማሳፈር ይችል ነበር። ኮቱን አውልቆ ሰቀለና እጁን ሊታጠብ ወጣ።

በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «ተነስ» አለኝ። ተቆጥቶ መስሎኝ ደንግጬ ተነሳሁ። ያን ጊዜ 38 ዓመቱ ነው፤ ሩጫ ካቆመ ስምንት ዓመት አልፎታል። መስኩ ገና ረግረግ ስለነበር ዳር ዳሩን በጠጠሩ መንገድ ሮጥን። እፊቱ እንድሆን በእጁ አመለከተኝ። ማምለጥ ፈለግኩ፤ ማምለጥ እንደሚቻል መሰለኝ። ፈጠንኩ፤ እርምጃው ከኋላዬ ያው ነው። ዘገየሁ፤ ያው ነው። የእኔ ትንፋሽ ጆሮዬን ሞልቶታል፤ የእሱ አይሰማም። የሚሰማኝ ጠጠሩን በስሱ ነክቶ የሚያልፈው የእግሩ ድምፅ ብቻ ነው፤ ልክ አንድ ሰው እህል በወንፊት እየነፋ የሚከተለኝ ይመስላል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆምኩ፤ ጉልበቴን ይዤ አጎነበስኩ። እጁን ጀርባዬ ላይ አድርጎ «ትከሻህን ልቀቀው። ትከሻውን ያጠበቀ ሰው ቶሎ ይደክማል» አለኝ። ስለ ትናንቱ ሌላ ነገር አልተናገረም።

ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ያን ጊዜ አፍሬ፣ በኋላ ረስቶታል ብዬ፣ ከዚያም ማንሳቱ ራሱ ቁስል መቀስቀስ ይሆናል ብዬ። 24 ዓመት እንዲሁ አለፈ። እንግዲህ ያቺን መስመር የጻፍኳት ለቀብርተኛው ብቻ አልነበረም። ይቅርታዬ ነበረች። እናቴ የሰረዘችብኝ እሱን ነው።

«ሰማንያ አንድን ለምን ዘለልከው?»

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ቀጭን ናቸው፤ እንደ እሱ። አቀማመጣቸው ሁሉ እሱን መሰለኝ፤ እግራቸውን ወደፊት ዘርግተው ቁርጭምጭሚታቸውን ቀስ ብለው ያዞራሉ።

«ያነበብከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎን ጋሼ።»

«ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። ሰማንያ አንድን ግን ለምን ዘለልከው?»

አባቴ ራሱ አንስቶት እንደማያውቅ፣ እናቴም እንዳልፈቀደች ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ ያወሩልኝ ይህን ነው። «እንደማንሄድ የሰማን ሰሞን እኔ ሦስት ቀን ከአልጋዬ አልተነሳሁም። በአራተኛው ቀን ጓደኞቼን ልሰናበት፣ በቃኝ ልል፣ ጎህ ሳይቀድ እንጦጦ ወጣሁ። ማንም አልነበረም። አባትህ ብቻውን ባሕር ዛፉ ሥር እግሩን ያፍታታል። ምን ትሠራለህ እዚህ? አልኩት። ‹ነጋ እኮ› አለኝ።» በአፍንጫቸው ትንሽ ሳቁ። «አብሬው ሮጥኩ። ሌላ አምስት ዓመት ሮጥኩ፣ በዚያች ቃል።»

ተነስተው ሊሄዱ ሲሉ እጄን ያዙኝ። «እሱ ዝም አለ። ዝምታው የእሱ ነው፤ ማንም አይወስድበትም። የቀረው ግን እሱ ብቻ አይደለም፣ ልጄ። ያቺን ነገር ዛሬ በእሱ በኩል እሰማታለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት።»

ዓመቱን ሙሉ በእናቴና በእኚህ ሰው መካከል ስመላለስ ከረምኩ። እናቴ ትክክል ናት፤ በተለይ ስለ ሜዳሊያው። በ10 ሺሕ ሜትር አንድ አገር ከሦስት ሯጭ በላይ አያሰልፍም። የዚያን ዘመን የእኛ ሯጮች ደግሞ እነማን ነበሩ? ወንዶቹ በዓለም አገር አቋራጭ ከ1973 እስከ 1977 ዓ.ም. አምስት ዓመት ተከታትለው በቡድን ያሸነፉ፣ በ1975 ዓ.ም. በቀለ ደበሌ በግሉም የዓለም ሻምፒዮን የሆነባቸው ናቸው። አባቴ ከእነዚህ መሀል አንድ ቀን ሦስተኛ ወጣ። ከቡድኑ ጋር ይሄድ እንደነበረ ማንም አያውቅም፤ ሜዳሊያማ የእኔ ፈጠራ ነው። እሱ ስለ ሰው ሰዓት አንዲት ሰከንድ የማይጨምር ሰው ነበር፤ እኔ በቀብሩ ላይ ያልሮጠውን ሩጫ ልጨምርለት ነበር።

ሽማግሌውም ትክክል ናቸው። በላይነህ ዲንሳሞ ሴኡል ባይሄድም ሰዓቱ መዝገብ ላይ አለ፤ ማንም ሰው ምን ያህል ሯጭ እንደነበር አይጠራጠርም። ስማቸው መዝገብ ላይ የሌለው ግን ምን አላቸው? ጎህ ሳይቀድ እንጦጦ ላይ የወጡት፣ ለሦስቱ ቦታ ለዓመታት የተጋፉት፣ ቦታው ራሱ ሲጠፋባቸው ማንንም ያልወቀሱት? ያላቸው እርስ በርሳቸው የሚያውቁት ነገር ብቻ ነው፤ እነሱም አንድ በአንድ እያረፉ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ስለራሱ ዝም ማለቱ ስለ ጓደኞቹም ዝም ማለት ነው? አባቴ ቢጠየቅ ምን ይል እንደነበር ብዙ አስቤያለሁ። ስለ በላይነህ ሴኡል አለመኖር ለእኛ ያልነገረን እሱን ሲያነሳ የራሱም አብሮ እንደሚነሳ አውቆ ይመስለኛል። ትሕትና ነው ስል ኖሬያለሁ። አሁን ግን አመሙም ያለበት ይመስለኛል፤ ነሐሴ ሌሊት ላይ የጎረቤት ጫማ የሚሰበስብ ሰው ሰላም የሆነ ሰው ብቻ አይደለም።

አርባው

የአባቴ አርባ የዋለው በነቢያት ጾም ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽሮና ምስር ቀርቦ፣ ሰው በልቶ ከተበተነ በኋላ፣ ሽማግሌው ቀሩ። እኔ ነበርኩ የጠራኋቸው። እናቴ ቡና አፍልታ አንደኛውን ቀድታልን ነበር። ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ብዙ ካየቻቸው በኋላ ተነስታ ከራስጌዋ መዝሙረ ዳዊቷን አመጣች። በመሀሉ ያ አንድ ገጽ ተኩል ታጥፎ ተቀምጧል። መጣሉን እንጂ መቀመጡን አላውቅም ነበር።

«ልጄ የሰረዝኩበትን ነግሮዎታል አሉ» አለቻቸው። «እርስዎ የነበሩበት ነገር ነው። እስቲ ያንብቡልኝ።»

መነጽራቸውን አወጡ። የተሰረዘ ጽሑፍ ለማንበብ ያስቸግራል፤ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው፣ በሁለቱ ጭረቶች መሀል ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ አነበቡ። «አገራችን በ1976 እና በ1981 ዓ.ም. በተካሄዱት የኦሎምፒክ ጨዋታዎች ባለመሳተፏ ዕድሉን ሳያገኙ ቀሩ...» እዚያ ላይ ቆሙ። የቀረውን በዓይናቸው ጨረሱት።

«እስከዚህ ድረስ ልክ ነው» አሉ።

«እኔም የሰረዝኩት ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው» አለች እናቴ።

«አይ፣ ሁሉንም ነው የሰረዙት» ብለው ወረቀቱን አሳዩዋት። ተቀብላ ጣቷን ከመስመሯ ሥር አስኬደች፤ ከመጀመሪያዋ ቃል እስከ መጨረሻዋ። የገዛ እጇን ጭረት እንደ አዲስ ነገር አየችው። ከዚያ ወረቀቱን መለሰችላቸውና ጀበናውን ከእሳቱ አነሳች፤ ሁለተኛውን ልትቀዳ ስኒያቸውን ሳብ አድርጋ እጇ አየር ላይ እንዳለ ቆየ።

«እስከዚያ ድረስ ያለውን አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አለች።

ደገሙላት።